ማሙሽ ሊመጣ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ተከራዩን «ውጣ» ያለ አከራይ የለም። ተከራይ የሚወጣው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሊመጣ ስለሆነ ነው። የወሎ ሰፈሩ አከራይ እህቱ ከዱባይ ልትገባ ነው፤ የቦሌው ልጁን ሊድር ነው፤ የለገሃሩ ደግሞ ዘመድ ቢያጣ ጣሪያውን ሊያድስ ነው። ይመጣሉ የተባሉት ሁሉ እውነት አንድ ቀን ቢመጡ፣ ይህች ከተማ መቆሚያም አይተርፋት።

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከፈረሰው ሰፈር በአንድ አጥር ተለይቶ የቀረ ግቢ ያላቸው ክብርት እትዬ ሀብትነሽ ግን ብዙ ሰው አያመጡም። የሚያመጡት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጆበርግ ሱቅ የከፈተውን ልጃቸውን ማሙሽን።

ሙሉነሽ ከልጇ ከሩቲ ጋር የግቢውን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ስትገባ፣ የማሙሽን ታሪክ የነገሯት ነባሮቹ ተከራዮች ናቸው። ለማሙሽ ሲባል እንግዳ የሚያበዛው ወንደላጤ ወጥቷል። ለማሙሽ ሲባል ውሃ የሚያባክኑት ሙሽሮች ወጥተዋል። ሸምሰዲን የሚባል የዋህ ነጋዴ ደግሞ «እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ፣ እንግዲህ ዓይንዎ ሊበራ ነው» ብሎ መርቆ ነበር የወጣው። ከጥቂት ቀን በኋላ የረሳውን ካውያ ሊወስድ ተመልሶ ሲያንኳኳ፣ አንድ ጎልማሳ በሩን ከፈተለት። ሸምሰዲን አቅፎ አልለቅም አለ። «ማሙሽ! እንኳን ለአገርህ አበቃህ! እናትህ እኮ በናፍቆት አለቁ!» ጎልማሳው ኢተፋ የሚባል አዲስ ተከራይ ነበር። ዛሬም ድረስ የግቢው ሰው «ጆበርግ እንዴት ሰነበተች?» ሲለው ኢተፋ አይስቅም።

ነባሮቹ ምልክቱንም አስተማሯት። እትዬ ሀብትነሽ ማንንም በባዶ እጃቸው አያሰናብቱም። መጀመሪያ ቅቤ የጠገበ ቅንጬ በሳህን ይዘው ይመጣሉ። ተከራዩ አንድ ማንኪያ ከጎረሰ በኋላ ነው የማሙሽ ስም የሚነሳው። አፉ የሞላ ሰው አይከራከርም። «ቅንጬ ከመጣ ሻንጣህን አውርድ» ይባላል እዚያ ግቢ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቅንጬው ሙሉነሽ ቤት መጣ።

«ብይ ሙሉዬ፣ በትኩሱ።»

«ምነው እትዬ፣ ደከሙልኝ።»

«ምን ድካም አለው። ብቻ...» አሉ፤ ማንኪያው አፏ እስኪደርስ ጠበቁ። «ማሙሽ ሊመጣ ነው።»

ሙሉነሽ የጎረሰችውን መዋጥ አቃታት። የቤቱ ውል ጥር መጨረሻ ላይ ያልቃል። ሩቲ ደግሞ ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ትፈተናለች፤ ትምህርት ቤቷ ከግቢው በእግር የሚደረስ ነው። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እዚህ አካባቢ ቤት ማግኘት ዘበት ሆኗል። የሚገኘው ከከተማው ዳር ነው፤ ልጅቷም በፈተናዋ ዓመት ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ልትሰለፍ ነው።

«እትዬ፣ እስከ ሰኔ እንኳን...»

«እኔማ ምን ከፋኝ የኔ ልጅ? ዕድሜ ልክሽን ብትኖሪ ደስታዬ ነው። የማሙሽ ነገር ሆኖብኝ እንጂ!»

ከማሙሽ ጋር ደግሞ መከራከር አይቻልም፤ ያለው ጆበርግ ነው።

ሙሉነሽ ለገሃር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። በማግስቱ የሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥራ ስትቆርጥ፣ አብሯት የሚሠራው ሙሐሲን መቀሱን ከእጇ ወሰደ።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?»

ነገረችው።

«ውልሽ ወረዳ ተመዝግቧል አይደል? ሂጂና ጠይቂያቸዋ! ማለቴ፣ ቅንጬ እኮ አዋጅ አይደለም።»

ወረዳ ሄደች። ጉዳዩን የምታየው ጦቢያ የምትባል ወጣት ናት።

«ውሉ ሲያልቅ ላለማደስ መብታቸው ነው» አለቻት። «ግን ውሉ ከማለቁ ሁለት ወር አስቀድመው በጽሑፍ ነው ማሳወቅ ያለባቸው። ሰጥተውሻል?»

«ቅንጬ ሰጥተውኛል።»

ጦቢያ ቀና ብላ አየቻት። «በአፍ የተባለ እኛ ዘንድ እንዳልተባለ ነው። ጽሑፍ ካልመጣልሽ አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ።»

ብልጥ ሰው ይህን ሰምቶ አርፎ ይቀመጥ ነበር። ኅዳር ሲያልቅ የማሳወቂያው ጊዜ ያልፋል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ሙሉነሽን ግን ይሉኝታ እንቅልፍ ነሳት። የሰው ቅንጬ በልታ፣ ከጀርባቸው ወረዳ መሄዷ ከነከናት። የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነውና አጥባ ብርቱካን አደረገችበት፤ ይዛ ሄዳም ማንም ያልጠየቃትን ተናገረች።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ። ወረዳ ጠይቄ ነበር። የማያድሱልኝ ከሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ ብለውኛል።»

እትዬ ሀብትነሽ ብርቱካኑን እንደ ድንጋይ አዩት።

«በጽሑፍ? ለአንቺ? ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን? እኔ ወረቀት የምጽፈው ለደመኛዬ ነው! ባሌን ሳሰናብት እንኳ ወረቀት አልጻፍኩም!»

ይህ እውነት ነው። ባላቸውን ሲያሰናብቱ አጎታቸው ከደብረ ማርቆስ ሊመጡ ነበር ይባላል።

ወሬው ከሰፈሩ ደላላ ከቡልቻ ጆሮ ገባ። ለቤቱ ደንበኛ አዘጋጅቶ ስለነበር እየተጣደፈ መጣ። ሙሉነሽ ልብስ እያሰጣች ሁሉንም ሰማች፤ በዚያ ግቢ ሹክሹክታ እንኳ አጥር ይሻገራል።

«እትዬ፣ ሁለት መስመር እኮ ናት። እኔ እጽፋታለሁ፣ እርስዎ መፈረም ብቻ። በቃ!»

«ምን ብዬ ነው የምፈርመው?»

«ውልሽን አላድስልሽም፣ ቤቱን ልቀቂ ብለው ነዋ።»

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«ማሙሽ ነዋ! እኔ መቼ ሰው አስወጥቼ አውቃለሁ?»

«እሺ፣ ማሙሽ ይፈርም።»

«ማሙሽማ የት አለና?»

ቡልቻ እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ ወጣ።

እርጥቡ አንሶላ በእጇ እንዳለ ነገሩ ለሙሉነሽ የገባት ያኔ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እትዬ ሀብትነሽን ውሸታም አድርጋ ነበር የምታያቸው። ለካ ሴትዮዋ ከልባቸው ነው። በእሳቸው ሂሳብ ሰው የሚያስወጣው ማሙሽ ነው፤ እሳቸው ቅንጬ ነው የሚያቀርቡት። በእጃቸው ፈርመው አንዲት እናት ከነልጇ ካስወጡ ግን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ያስወጡ ሴትዮ ይሆናሉ። ይህን ለመሆን ደግሞ አልደፈሩም።

ኅዳር አለቀ፤ ወረቀት አልመጣም። የመጣው ኩርፊያ ነው። እትዬ ሀብትነሽ ቧንቧው ዘንድ ቆመው፣ ለጀሪካኑ የሚናገሩ ይመስል «እንግዲህ ልጄ ሆቴል ሊያርፍ ነው! ካዛንቺስ ሆቴል መች ጠፋ! የእናቱ ቤት እያለ ይንከራተት!» ይላሉ። ኢተፋ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ኳስ ሲያይ ግን በሩን የሚደበድቡት እሳቸው ናቸው። «ቀንሰው አንተ! ልጅ እያጠናች ነው!»

ጥር ላይ ውሉን ለማሳደስ ሁለቱ በአንድ ታክሲ፣ እትዬ ከፊት ሙሉነሽ ከኋላ ተቀምጠው ወረዳ ሄዱ። ጦቢያ ወረቀቱን ስታቀርብላቸው እትዬ ሀብትነሽ ሳያነቡ ፈረሙ።

«ይሄ ሌላ ነው» አሉ፤ ማንም ግን አልጠየቃቸውም።

ሰኔ ደረሰ። ሩቲ ተፈትና በጨረሰች ማግስት፣ እትዬ ሀብትነሽ ሳህን ይዘው ሙሉነሽ በር ላይ ቆሙ። ቅንጬ ነው፤ ጾም ስለሆነ በዘይት።

ሙሉነሽ ሳህኑን ስትቀበል የሻንጣዋን ቦታ ቀና ብላ አየች። ውሉ ታድሷል፤ የወረዳው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሳጥኗ ውስጥ ነው። ቢሆንም ቅንጬ ቅንጬ ነው። አንድ ማንኪያ ጎረሰችና ጠበቀች። የማሙሽ ስም አልተነሳም። ሁለተኛ ጎረሰች።

በዚህ መሃል ቡልቻ ባልና ሚስት አስከትሎ ከች አለ።

«እንደምን አደሩ እትዬ! የሙሉነሽ ልጅ ፈተናዋን ጨረሰች አሉ። ወረቀት እንደሆነ እርስዎ አይጽፉም፤ በአፍ እንጨርሳት ብዬ ነው። ቤቷን ላሳያቸው?»

«ቤት የለም።»

«እንዴት የለም?»

እትዬ ሀብትነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ በረጅሙም ተነፈሱ።

«ምን ላድርግ ቡልቻ? ማሙሽ ሊመጣ ነው።»

ቡልቻ ዞሮ ሙሉነሽን አያት። ሙሉነሽ የጎረሰችውን ዋጠች።

«እውነታቸውን ነው» አለችው። «እኛም እየጠበቅነው ነው።»