የዋንዛ በር ክዳን

ሌሊቱን ያየሁትን ሕልም ሳልረሳው ልናገር። በሕልሜ ደጃፌ ላይ ቆሜአለሁ። የዳቦ ቤቱ ጭስ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ይፈሳል። ከማውጫው ተንዠቅዥቆ አስፋልቱን ይዞ ወረደ። ሰዉ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ይሻገረዋል። አንዲት ሴት ዣንጥላዋን ገልብጣ እንደ ጀልባ ተቀምጣበት ወደ ገበያ ስትቀዝፍ አየሁ። ሰላም አልኳት፤ ሰላም አለችኝ፤ ማናችንም አልገረመንም።

ከተማችን ዋንዛ በር በአራት ተራሮች መካከል እንደ ድስት ጎድጉዳ የተቀመጠች ናት። በክረምት ዝናቡ አየሯን ያጥብላታል። ከጥቅምት በኋላ ግን ሌሊት ብርዱ ከተራሮቹ ተንሸራቶ ይወርድና ከታች ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ደግሞ ከላይ ይደፋበታል። የዳቦ ቤቱ፣ የጡብ ምድጃውና የየቤቱ ማገዶ ጭስ መውጫ ያጣና ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ከእኛው ጋር ያረፍዳል። ባለቤቴ አሰለፈች አስም አለባት። በየዓመቱ እነዚህን ወራት የምታሳልፈው መስኮት ዘግታ፣ ደረቷን ይዛ ነው። እኔ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነኝ፤ ድስትና ክዳን እሠራለሁ። ለእሷ ትንፋሽ የምሠራላት ነገር ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ታዲያ በሕልሜ ቤታችን በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ከፊት የቆመው የጽዳት ኃላፊው አቶ መርሻ ነው። በእውኑ ስለ ጭሱ ላመለክት ዐሥራ አንድ ጊዜ ሄጄ ጀርባውን ብቻ አይቼ የተመለስኩት ሰውዬ ማለት ነው። አሁን ፊቱን አየሁት፤ ለካ ደህና ፊት አለው። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል።

«ጌታዬ፣ የከተማው ሰማይ ክዳኑ ተጣብቆ አልነሣ አለን» አለኝ።

«ማመልከቻ ይዘሃል?»

ይዟል። አገላብጬ አየሁለትና ማኅተም እንደሚጎድለው፣ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ መግባቱን፣ ማክሰኞ ተመልሶ እንዲሞክር ነገርኩት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሰልፈኛው በሙሉ አንገቱን ደፋ። ወዲያው ግን አሰለፈች ከውስጥ ስታስል ሰማሁ። ማክሰኞን ተውኩትና መዶሻዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ዳገቱ ቁልቁለት ሆኗል። ጥቁር ራስ ወደሚባለው ትልቁ ተራራ ጫፍ እየተንከባለልን ወጣን፤ አቶ መርሻም መሰላል ተሸክሞ ከኋላዬ ይንከባለላል። ጫፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ መነጽር አድርጎ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ነፋስ ፈልገን እንደመጣን ነገርነው። መዝገቡን በጥፍሩ ገለጠና ነፋስ የዓመት ዕረፍት መውጣቱን፣ ከየካቲት በፊት እንደማይመለስ፣ ዝናብም እስከ ሰኔ እንደማይገኝ አረዳን። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ዕረፍት እንዴት ይወጣሉ ብዬ ብጠይቀው፣ እሱም በየዓመቱ ይህንኑ ለበላይ እንደሚጽፍና መልስ አግኝቶ እንደማያውቅ አጫወተኝ። አሳዘነኝ።

ቀና ስል ክዳኑን አየሁት። በአራቱ ተራሮች ትከሻ ላይ ተደፍቷል። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ስነካው እጄን ይሞቀዋል፤ እግሬ ግን በብርድ ደንዝዟል። ዙሪያውን በመዶሻ ቀጠቀጥኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ክዳን ስሠራ ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ግጥም ያለ ሥራ አላየሁም። ቢጨንቀኝ ጎንበስ ብዬ ተራራውን ለመንኩት፤ ትከሻውን ትንሽ ብቻ ከፍ እንዲያደርግልን፣ ባለቤቴ መተንፈስ እንዳቃታት ነገርኩት።

ተራራው ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«ስንት ዘመን ሙሉ እግሬ ሥር ቤት ስትሠሩ አያችኋለሁ» አለ። «እባክህ ያለኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ከዚያ እስክስታ እንደሚወርድ ጎልማሳ ትከሻውን ሰበቀ። ክዳኑ በአንድ ወገን ተነሣ። ጭሱ እንደ ፈላ ጀበና እየተንፎለፎለ ወጣ። ከሥር ከተማዋ ታየች፤ ጣራዎቿ፣ ወንዟ፣ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ሳይቀር። አሰለፈች ደጅ ወጥታ ቆማለች። አየሩን ሳበችው፤ ሳበችው፤ ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ እስክትል ሳበችው። ከተራራው ጫፍ ድረስ ድምፅዋ ተሰማኝ።

«ደባልቄ፣ እስከ እግሬ ጣት ድረስ ገባልኝ» አለችኝ።

ሳቅሁ፤ ተራራውም ሳቀ፤ ዝንጀሮው መነጽሩን ይጠርጋል። አቶ መርሻ ሥራው ስለተፈጸመ ማኅተም እንድመታለት ወረቀቱን ዘረጋልኝ፤ ከወረቀቱ ይልቅ ግንባሩ ሰፋ ያለ መስሎ ታየኝና ማኅተሙን አነሣሁ።

በዚህ መሃል ጎኔን በክርን ተመታሁና ነቃሁ። አሰለፈች አልጋው ላይ ተቀምጣ ታስላለች፤ የሚነፋውን መድኃኒቷን በእጇ ይዛለች። ክፍሉ ጭስ ሞልቶታል። ቤታችን የተቃጠለ መስሎኝ በባዶ እግሬ ዘልዬ ወጣሁ። ቤታችን ደህና ነው። በየሰዉ ደጅ ግን ቆሻሻ ተከምሮ ይነዳል፤ ፌስታል፣ ገለባ፣ አሮጌ ጫማ። ለካ ቀኑ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው፤ አየሩ ከበሽታ እንዲጸዳ ሀገሩ በሙሉ ቆሻሻውን የሚያቃጥልበት ቀን።

ጎረቤታችን እትዬ ዘርትሁን ከጭሱ መካከል ብቅ አሉና የእኛን ደጅ አዝነው አዩት።

«ምነው ደባልቄ፣ ያንተ ደጅ ብቻ ነው እኮ ያልጨሰው። ይቺ ሚስትህ በሽታ ሊገባባት ነው» አሉና ክብሪት አቀበሉኝ።