አምፖሉ ሲጠፋ ሞልቷል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ መኪናዬ እኔን ስትነዳኝ አደረች። እኔ በእጅና በእግሬ አስፋልቱ ላይ እሮጣለሁ፤ እሷ ጀርባዬ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ጆሮዎቼን እንደ መሪ ይዛ ታዞረኛለች። አልከበደችኝም። ዳገት ላይ ሳለከልክ እንዲያውም «አይዞህ፣ በአንደኛ ማርሽ ውጣ» ትለኝ ነበር። አዳማን አቋርጠን የገዛ ሱቄ ደጃፍ ስንደርስ ቀበቶዬን እንደ እጅ ፍሬን ሳበችና አቆመችኝ።

ሥራዬ መኪና ላይ ቴፕና እስፒከር መግጠም ነው፤ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። በሕልሜ ግን ሱቁ በር ላይ የተሰለፉት ራሳቸው መኪኖቹ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ባለቤታቸውን በገመድ እየጎተቱ መጥተዋል። አንዲት የውሃ ቦቴ ወፍራም ሾፌሯን ወደ ፊት ገፋ አደረገችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ የኔ ሰው ድምፁ ቀንሷል። ደረቱ ላይ ባስ እስፒከር ግጠምልኝ።»

«ምን ያህል ዋት ይፈልጋል?»

«ቤቱ ገብቶ ‹እንዴት ዋላችሁ?› ለማለት የሚበቃው።»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። አዘንኩለት፤ ግን ቀልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

«ዛሬ አልገጥምም» አልኳቸው። «የጠፋብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እሱን እየፈለግሁ ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ በሕልም ሳይሆን በእውን የጠፋ ነው። የተናገረችው ባለቤቴ የውብዳር ናት። የዛሬ አስራ ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወደ ሶደሬ እየሄድን ነበር። እኔ አዲስ የገጠምኩትን ካፓሲተር እየሞከርኩ ነው። ባሱ ድንገት ሲመታ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ ባትሪው ቶሎ አይደርስለትም፣ የዳሽቦርዱ መብራት ፍዝዝ ይላል። ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ይቀመጥና ያጠራቀመውን ባንዴ ይለቅለታል፤ መብራቱም አይፈዝም። ዓይኔን ከመብራቱ ላይ ሳልነቅል የውብዳር ከጎኔ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየሁ። «እሺ» አልኩና ድምፁን ጨመርኩ። «እዪው! ፍዝዝ አላለም እኮ!» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ከ«ምሳህ ቀርቧል» እና ከ«በሩን ዝጋው» በቀር ቃል አልወጣትም። ምን ብለሽ ነበር ብዬ ፊት ለፊት ልጠይቃት አፈርኩ፤ ለማላውቀው ነገር እሺ ብያለሁና። ይቅርታ ግን በየቀኑ እላታለሁ። መኪና ውስጥ መሪ እንደያዝኩ፣ ማታ ትራስ ላይ፣ በለሆሳስ። መልስ የለም። አስራ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ጨክና አታውቅም። ፍቅሯ ያለቀ መሰለኝ፣ ፈራሁ።

ወደ ሕልሜ ልመለስ። ከሰልፉ መሃል አንዲት ባጃጅ፣ መስኮት በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ፣ «የጠፋ ቃል ሽማግሌው ዘንድ ነው!» ብላ ጮኸች። በዚያ አገር የሚጮኸው ትንሹ ነው፤ ቦቴዎቹ ያንሾካሽካሉ።

ወደ ሽማግሌው ስሮጥ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ወረቀት ሲያወጣ ተቀጣሁ ብዬ መንጃ ፈቃዴን መፈለግ ጀመርኩ። እሱ ለካ የሚጽፈው ይቅርታ ነው።

«አምና በፊሽካ አስደንግጬህ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አለና ሁለት ቦታ ፈረመ። «ቅጂው ላይ አንተም ፈርምልኝ።»

«ቅጂው ለምንድን ነው?»

«ይቅርታው እንደደረሰህ በምን አውቃለሁ?»

ፈረምኩለት። እኔ ለየውብዳር ያልኩት ይቅርታ ሁሉ ቅጂ አልነበረውም።

ሽማግሌውን ያገኘሁት እኔው ቤት፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ካፓሲተሩ ነበር። ጋቢውን ደርቧል፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ የቮልት ቁጥር ይበራል። ግራና ቀኙ ባትሪውና አምፕሊፋየሩ ተቀምጠዋል፤ ሦስቱም ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የተላኩ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ያን ሁሉ ዋት ይዞ «ደህና ነህ ልጄ?» ያለኝ በሹክሹክታ ነበር።

«ባለቤትህ ያለችህን አውቃለሁ» አለ ካፓሲተሩ። «ግን ለመናገር አቅም አጣሁ። መጀመሪያ ሙላኝ።»

ካፓሲተር ባትሪ ላይ በቀጥታ ከተሰካ እሳት ይተፋል። ቀስ እያለ እንዲሞላ መሃል ላይ ትንሽ አምፖል ይገባል። እኔ ዘንድ አምፖል አልነበረም። ኪሴን ስዳብስ መኪናዬ በመስኮት አንገቷን አስገባችና አንድ ዓይኗን፣ የፊት አምፖሏን፣ ነቅላ ሰጠችኝ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«በአንዱ አያለሁ፤ ይበቃኛል» አለች።

አምፖሉን አገናኘሁ። ቦግ ብሎ በራ። ፈዘዘ። ከዚያ ድርግም አለ። ራሴን ይዤ «ሞተ! ገደልኩት!» ብዬ ጮኽኩ።

ባትሪው ተቆጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ምን ስትል ነው የኖርከው?»

«አምፖሉ ሲጠፋ… ሞልቷል ማለት ነው።»

«እና?»

«እና የውብዳር…»

«ሞልታ ነው እንጂ አልጠፋችም» አለ ካፓሲተሩ።

አለቀስኩ። አልደበቅኩትም፤ በዚያ አገር ወንድ ሲያለቅስ ወንበር ይለቀቅለታል። ሦስቱም ሽማግሌዎች ባንዴ ከሶፋው ተነሱልኝ።

«በሉ ዓረፍተ ነገሩን ስጡኝ» አልኩ።

«ራሷ ትስጥህ። መኪናው ውስጥ ናት። በቀኝ በር ግባ።»

«መሪው እኮ በግራ ነው።»

«ዛሬ በቀኝ ነው» አለኝ ካፓሲተሩ።

እውነትም መሪው በቀኝ ነበር። የውብዳር ቢጫ ሻርፗን አድርጋ በግራው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«መሪውን ማን አዛወረው?» አልኳት።

«እኔ» አለች።

አስራ ሁለት ቀን የናፈቀኝ ድምፅ ነው። ቴፑ ክፍት ነበር፤ እስፒከሮቹ ግን አይዘፍኑም፣ ጠጋ ጠጋ ብለው እኛን ያዳምጣሉ። በለሆሳስ «ይቅርታ» አልኩ። ሰማችኝ። ፊቷን አዞረችና ሳቀች፤ ያ ሳቅ እንዴት ደስ እንዳለኝ! «ያን ቀን ያልኩህ…» ብላ ስትጀምር ባጃጇ ክላክሷን ነፋችው። ነቃሁ።

ነግቷል። ውጭ የእውነት ባጃጅ ክላክስ ይነፋል። የውብዳር በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እኔ እንደ ወትሮው በግራዋ ነኝ፤ በቀኟ ግድግዳ ነው። በለሆሳስ «ይቅርታ» አልኳት። ዓይኗን ከጣሪያው ላይ አልነቀለችም። ከሕልሙ የተረፈች ትንሽ ድፍረት ነበረችኝና ትከሻዋን ነካሁ። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«የውቤ፣ ያን ቀን መኪና ውስጥ ምን ነበር ያልሽኝ? አልሰማሁሽም። ሳልሰማ ነው እሺ ያልኩት።»

ከንፈሬን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሁሉም ባንዴ መጣ።

«የግራ ጆሮዬ መስማት ተወ አልኩህ! ሐኪሙ ከእንግዲህ አይመለስም አለኝ አልኩህ! አንተ እሺ አልክና ዘፈኑን ጨመርክ! ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልንገርህ? ጎኔ ተኝተህ አንድ ቀን እንኳ አይዞሽ አላልከኝም!»

መኪና ስነዳ በግራዋ ነኝ። ስተኛም በግራዋ ነኝ። የአስራ ሁለት ቀን ይቅርታ በሙሉ በዚያው በግራ በኩል ነው የቀረው።

ከአልጋው ወረድኩ። የአልጋውን እግር ይዤ እሷ እንደተኛችበት ከግድግዳው ሳብኩት። ወለሉ ጮኸ።

«ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ?»

በአልጋውና በግድግዳው መሃል አንድ ሰው በጎኑ የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ። ተጨናንቄ ገባሁና ተንበረከክሁ። አፌን ቀኝ ጆሮዋ ላይ አድርጌ የአስራ ሁለቱንም ቀን ይቅርታ ባንዴ ለቀቅሁት።

«ቀስ በል፣ አትጩህ» አለችኝ፣ እንባዋን በአንሶላው እየጠረገች። «ይሄኛው ይሰማል።»