በስፒከር የገባሁት ንስሐ

ልጆቼ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። በቁሜ ተናዘዝኩ፤ ኑዛዜዬን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሰማው።

ኑዛዜው ስለ ማን እንደነበር ገምቱ። እሷም እዚያው ተሳፍራለች።

ይህን ገጽ አዲስ የከፈታችሁ ካላችሁ፣ እኔ ጥሩነሽ እባላለሁ፤ እዚህ ደብረ ታቦር የሰፈራችን የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ስም በመጥራትና ቀሪ በመጻፍ ግን የሚቀድመኝ የለም። ለቅሶ ያልመጣች ቀሪ ናት። መሐል ላይ ጥላ የሄደችም ቀሪ ናት። ሦስት ጊዜ የቀረች ትሰረዛለች። ሀብታም ትሁን ዘመዴ ትሁን፣ ሕጉ አንድ ነው።

ከዕድር መሰረዝ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት የለም።

ጎረቤቴ ይታይሽ ታዲያ ሦስት ጊዜ ከለቅሶ መሐል ተነሥታ ሮጣለች። ሰው ሲበዛ፣ ድንኳኑ ሲጠብ፣ ፊቷ አመድ ይመስልና ውልቅ ትላለች። "ልቤ ሊፈነዳ ነው፣ የምሞት መሰለኝ" ነው ቃሏ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ አጥር ሥር ደህና ሆና ተቀምጣ ትገኛለች።

እኔም፣ "ሞት ሩብ ሰዓት ተጫውቶ የሚመለስ እንግዳ ነው እንዴ?" አልኳት።

በሰው ፊት ነው ያልኳት። ሳቁልኝ። ሳቁባት ብል ይሻላል።

ስሟ ሊሰረዝ የተቀጠረው ለዛሬ ከሰዓት ስብሰባ ነበር።

ጠዋት ሐሙሲት ለቅሶ ልንደርስ ሚኒባስ ሞልተን ሄድን። ይታይሽም መጣች። እስከ መጨረሻው ነጠላዋን ነክሳ፣ እየተንቀጠቀጠች ቆመች። አየኋት። አራተኛውን መቆሟ ሦስቱን አያጠፋም፣ አይደል? እንዲህ ነበር የማስበው።

እኔ ራሴ በዚህ ስብሰባ ምክንያት ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ትከሻዬ ይደድራል። ጥርሴን አንቀጫቅጫለሁ። ሽሮ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው እጨምራለሁ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

ስንመለስ ጋቢና ተቀመጥኩ። አለም በር ከተማን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው መጣብኝ።

ከምን እንደመጣ አትጠይቁኝ። የሰደበኝ የለም፣ መኪናውም አልተንገራገጨም። ልቤ ብቻ እንደታሰረ ወይፈን ደረቴን ይረግጥ ጀመር። እጄ ደነዘዘ። ላብ አጠመቀኝ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ንፋሱ ይገባል፤ ለእኔ ግን አየር አልደርስ አለኝ።

በቃ፣ ሞትኩ።

እኛ አገር ሴት ስትሞት ማንን ትጠራለች? ሐኪም? የንስሐ አባቷን ነው እንጂ።

ደወልኩ። የስልኬ የጆሮ ድምፅ ከተበላሸ ስለቆየ የማወራው በስፒከር ነው። ሞት ሲመጣ ደግሞ ከኋላ ማን እንደተቀመጠ ማን ያስታውሳል?

"አባቴ፣ ይፍቱኝ። እየሞትኩ ነው" አልኩ።

የንስሐ አባቴ በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ልጄ የሚሉኝ ግን እሳቸው ናቸው። "ልጄ፣ ምን ሆንሽ? የት ነሽ?" አሉኝ።

"መኪና ላይ። የይታይሽን ነገር ሳልናዘዝ እንዳልሞት። ሕግ ነው እያልኩ የማሰርዛት ለሕግ ብዬ አይደለም። ወንድሜ የሞተ ጊዜ ሙሾ የምታወርድለት እሷ ነበረች። መሐል ላይ ጥላው ስትሮጥ ለቅሶው ቀዘቀዘ። ወንድሜ የሚገባውን ያህል ሳይለቀስለት ተቀበረ። ያን ቂም ይዤ ነው። ሌላ ሴትም እንደሷ ስትወጣ አይቼ ቀሪ አልጻፍኩባትም።"

ከኋላ አንዷ፣ "ወይ ጉድ!" አለች።

አባም፣ "ልጄ፣ ይህን ነገር ስንት ሰው እየሰማው ነው?" አሉ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘ። ዞር ብዬ ማየት አላስፈለገኝም።

"እትዬ፣ ስልኩን ይዝጉት" አለች ይታይሽ። "እግርዎን ወለሉ ላይ ጫን ያድርጉ። ከሚያስገቡት ትንፋሽ የሚያወጡት ይርዘም። ቀስ ብለው። አይሞቱም። እኔ ሦስት ጊዜ አልሞትኩም።"

ሾፌሩ ግን በእሷ ቃል ብቻ አልተማመነም፤ ከተማ እንደገባን በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰደን። አሥራ ሁለት ሴቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስንገባ ያየችን ነርስ ደንግጣ፣ "ሟቹ ማን ነው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

የደም ግፊቴን ለካች። ልቤን በማሽን አዩት። ምንም የለም።

"በዚህ ዕድሜ ደረት ሲያስጨንቅ መታየት ግድ ነው፤ ደግ አደረጋችሁ" አለች። "ልብዎ ግን ደህና ነው። ይሄ ፓኒክ አታክ ይመስላል።"

"ጭንቀት ነው በይኛ፤ ምን ፈረንጅኛ አመጣሽ?"

"ይለያያሉ፣ እማማ። ጭንቀት ቀስ ብሎ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስብ ነገር ይኖረዋል፤ ሳምንትም ወርም ይሰነብታል፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሰውነት ያደድራል። ፓኒክ ግን ድንገት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካል፣ የሚሞቱ ያስመስላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ምክንያት ሳይኖረውም ይመጣል። ጭንቀት የከረመበት ሰው ላይ ሲደረብ ደግሞ ሁለቱንም ያያል። ከተደጋገመ ይምጡ፣ ሕክምና አለው።"

እኔ በገበሬ ልጅ ጭንቅላቴ ተረጎምኩት። ጭንቀት የዘገየ ዝናብ ነው። ሰማይ ሰማይ እያየህ ትከርማለህ፣ እየከፋህም ቢሆን ሥራህን ትሠራለህ። ፓኒክ በረዶ ነው። ገብሱን ደብድቦ በሩብ ሰዓት ያባራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው ቀና ብሎ፣ "የታለ በረዶው?" ይላል።

ማሳውን ሳያይ።

ይታይሽን አጥር ሥር ተቀምጣ ሳያት እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ሰማዩ ከጠራ በኋላ እየደረስኩ ነበር የምፈርድባት።

ስብሰባው አልቀረም። ተነሥቼ፣ "ይታይሽ አትሰረዝ" አልኩ። ምክንያቱን ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ በስፒከር ሰምተውታል። ከፊት የተቀመጠች አንዷ ግን፣ "ሕግ ለሁሉም አንድ ነው ሲሉን አልነበረም ወይ?" አለችኝ። ከአፌ ነጥቃ ነው ያለችው።

ይታይሽ ተነሣች።

"እትዬ፣ አንቱን ሲይዝዎት መኪናው በሙሉ ሐኪም ጋ ሄደ። እኔን ሲይዘኝ ቀሪ ተጻፈብኝ። የያዘን ግን አንድ ነው። ይሄ ፍርድ ነው?"

ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ስለ ፍርድ እንዲህ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።



መዝገቡን ገልጬ ሦስቱንም ቀሪ በእጄ ሰረዝኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ።

"የቀሪውን ይቅር ብያለሁ" አለች። "በሰው ፊት ያሳቁብኝን ግን ገና ነኝ። ይቆየኝ።"

ምን ልበላት? መብቷ ነው። እኔ ብሆን ከዚህም በላይ አቆየው ነበር።

ከዚያ አዲስ ደንብ ወጣ። በለቅሶ መሐል እንዲህ ያለ ነገር የያዛት ሴት ትውጣ፤ ቀሪ አይጻፍባት፤ ብቻዋን ግን አትውጣ፤ አብራት የምትወጣ ሴት ትመደብ።

"ለይታይሽ ማን ትመደብ?" ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ለእትዬ ጥሩነሽስ?" ሲባል ሁሉም ወደ ይታይሽ ዞሩ። እሷም ፊቷን ሳትፈታ፣ "እሺ" አለች።

ነገ ሰፈራችን ቀብር አለ። ሁለታችን ጎን ለጎን እንቆማለን፤ እሷ አኩርፋ፣ እኔ አፍሬ።

እስቲ እናንተ ኮመንት ላይ ፍረዱኝ፤ እኔ ፍርድ ደክሞኛል። ሁለታችንንም እኩል ቢይዘን፣ ማን ማንን ደግፋ ትወጣለች?