የት እንደሚያምህ እንዳትነግራት

ሊቁ፦ አትነግራትም አልኩህ! አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!

ልብስ ሰፊው፦ እሺ ጋሼ። ግን የት እንደሚያመኝ ካልነገርኳት በምን ታውቃለች?

ሊቁ፦ ባለሙያ ነኝ ትል የለ? ትፈልገዋ! እኔ አውቶቡሱ ሲንኳኳ የቱ ጎማ እንደሆነ ተሳፋሪ ነው የሚነግረኝ?

(የማሳጅ ቤት መጠበቂያ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ የተጣጠፉ ነጭ ፎጣዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ተቀምጧል። ሳምንቱን ሙሉ «ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልዞር አለኝ» ሲል ሰንብቷል፤ ቀጠሮ ያስያዘችው እህቱ ናት። አጠገቡ የቆመው የእህቱ ባል የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሊቁ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ እሱም ለክብር መስሎት ተቀብሎታል። የቆመው ወንበር ጠልቶ አይደለም። ወገቡን ካመመው ሦስት ወር አልፎታል፣ ከተቀመጠ መነሳቱ መከራ ነው። ሰኞ አዲሱን የሩቅ መስመር ይረከባል፤ አምስት ሰዓት ተቀምጦ መንዳት ካቃተው መስመሩ ለሌላ ሹፌር ይሰጣል። ለሰው ግን ትንፍሽ አይልም፤ የሰው እጅ ወገቡን ይጫናል ብሎ ማሰቡ እንኳ ያስፈራዋል።)

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ አረፍ አይሉም?

ሊቁ፦ መቆም እወዳለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ ከጠዋት ጀምሮ?

ሊቁ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ! ይልቅ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ምሳ በልተሃል?

ልብስ ሰፊው፦ ትንሽ ቀምሻለሁ። ሆዳችሁን ሞልታችሁ አትምጡ ብለውናል።

ሊቁ፦ ተበላህ! ዱቄት የሌለበት ሊጥ ታሽቶ ያውቃል? እኔ አጃቢው እንኳ ሁለት ሳህን ጥርግ አድርጌ ነው የመጣሁት።

ልብስ ሰፊው፦ እርስዎ ደግሞ ለምን? አይታሹም እኮ!

ሊቁ፦ ለጥንቃቄ!

ልብስ ሰፊው፦ ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ አረፍ በሉም ብለውን ነበር።

ሊቁ፦ ስህተት! እዚህ ቤት የሚገባው በሩጫ ነው። ሞተር ሳይሞቅ ይነዳል እንዴ? ተነስ! ክፍሉን ዙር!

(ልብስ ሰፊው ታዛዥ ነው። ተነስቶ ወንበሮቹን ይዞራል፣ ይዞራል።)

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ ዞረልኝ!

ሊቁ፦ አንገትህ?

ልብስ ሰፊው፦ ክፍሉ።

ሊቁ፦ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። አሁን ዋናውን ስማ። እዚያ ውስጥ እንዳትተኛ። ዓይንህን ጨፈን ካደረግህ ከሰዓትህ ላይ ትቆርጥብሃለች።

ልብስ ሰፊው፦ በሆዴ ተደፍቼ ሰዓቱን በየት በኩል ልየው?

ሊቁ፦ ጠይቃታ! ስንት ሰዓት ሆነ በላት።

ልብስ ሰፊው፦ አንድ ጊዜ?

ሊቁ፦ በየደቂቃው!

ልብስ ሰፊው፦ ስትጫነኝ ካመመኝስ?

ሊቁ፦ ጥርስህን ነክሰህ «ጨምሪ» በላት።

ልብስ ሰፊው፦ ከጨመረችስ?

ሊቁ፦ «ጉልበትሽ ይኸው ነው?» በላት።

ልብስ ሰፊው፦ ከዚያስ?

ሊቁ፦ ከዚያማ ራስህን ትስታለህ። ያን ጊዜ ሠራ ማለት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ (በአድናቆት) ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ጊዜ ታሽተው ነው ይሄን ሁሉ ያወቁት?

ሊቁ፦ እኔ? እኔማ... ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

(ሲደናገጥ የመኪናው ቁልፍ ከእጁ ያመልጠዋል። ጎንበስ ሊል ይሞክርና ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። በእግሩ ጫማ ቁልፉን ወደራሱ ይጎትታል።)

ልብስ ሰፊው፦ ላንሳልዎት?

ሊቁ፦ ተወው! እዚያው ይረፍ፤ ቀኑን ሙሉ ሲንከራተት ነው የዋለው።

(የውስጡ በር ይከፈታል። ነጭ ጋውን የለበሰች ባለሙያ ብቅ ትላለች።)

ባለሙያዋ፦ ባለ ወገቡ ይግቡ።

ሊቁ፦ (ለልብስ ሰፊው) ግባ እንጂ! አንተን እኮ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ ባለ አንገት ነኝ።

ሊቁ፦ ተሳስታ ነዋ! እህቴ፣ የዛሬው አንገት ነው።

ባለሙያዋ፦ መዝገቤ ላይ ያለው ወገብ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር፣ ካመማቸው ሦስት ወር፣ ከመኪና ሲወርዱ የሚያቃስቱ፣ ሰኞ ረጅም መንገድ ያለባቸው። ቀጠሮውን ያስያዙት ባለቤታቸው ናቸው።

(ሊቁ ወገቡ ስለማይታጠፍለት በሙሉ ቁመናው ቀስ ብሎ ይዞራል። ልብስ ሰፊው ወደ ግራ አየት፣ ወደ ቀኝ አየት አድርጎ አንገቱን ያፍታታል።)

ሊቁ፦ አንተ! አንገትህ!

ልብስ ሰፊው፦ ይቅርታ ጋሼ። ላጅበው ካላሉ በቀር ለራሳቸው ብለው አይመጡም አለችኝ እህቴ። እርስዎ ድንገት ሱቅ ቢመጡ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አንገቴን አድርቄ ስሠራ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ኪስ ጉልበቱ ላይ ሰፍቼዋለሁ።

ሊቁ፦ እኔን ምንም አላመመኝም! ሚስቴ አጋንና ነው!

ባለሙያዋ፦ መልካም። ምክርዎን በሩ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። እንግዲያው የት እንደሚያምዎት አልጠይቅም። ከእግር ጣት ጀምሬ እፈልገዋለሁ። ሰዓቱ ጉልበት ላይ ካለቀ ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው በሚቀጥለው ወር ነው።

ሊቁ፦ በሚቀጥለው ወር? ሰኞስ?

ባለሙያዋ፦ ሰኞማ እንዳሉ ይነዳሉ።

(ሊቁ መውጫውን አየ። እውነቱን ለመናገር መሸሽ አምሮት ነበር። ግን ሰኞ ጠዋት ሌላ ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ዳር ቆሞ አውቶቡሱን ሲሸኝ ታየው። ይሄ ከእጇ ይልቅ አስፈራው።)

ሊቁ፦ (በለሆሳስ) ወገቤ ነው።

ባለሙያዋ፦ አልሰማሁም።

ሊቁ፦ ወገቤ ነው እህቴ! በግራ በኩል፣ ከቀበቶው ከፍ ብሎ! ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል! ካመመኝ መጮህ ይቻላል?

ባለሙያዋ፦ ይቻላል እንጂ! ካልነገሩኝ በምን ያህል ጉልበት እንደምጫን በምን አውቃለሁ? ሁለት ሳህን ባይበሉ ግን ጥሩ ነበር። በሆድዎ አላስተኛዎትም፤ በጎን እንሞክረዋለን። ቀስ ብለው ይግቡ።

(ሊቁ በእሷ ክንድ ተደግፎ ይገባል። በሩ ይዘጋል። ልብስ ሰፊው ስልኩን አውጥቶ ይደውላል።)

ልብስ ሰፊው፦ ሄሎ፣ እትዬ? ገብተውልሻል። አዎ፣ በእግራቸው!... ጩኸት? የለም፣ የምትሰሚው ጩኸት አይደለም። እየነገሯት ነው። ወገባቸውን ጨርሰው ትከሻቸው ላይ ደርሰዋል፤ አሁን ደግሞ ልጅ ሆነው ከዛፍ ሲወድቁ የተጎዳውን ጉልበታቸውን ጀመሩላት። እኔ የፈራሁት ሳትነካቸው ሰዓቱ እንዳያልቅ ነው።