የጋሽ ተፈራ ማብራሪያ

ነገር ማጣመም፣ ቃል ማዛባት፣ ወሬ መጠምዘዝ፦ አማርኛ ለዚህ ሙያ ስም አላጣም። ፒያሳ ማኪያቶ ከምንጠጣበት ቤት የማይጠፉት ጋሽ ተፈራ ግን ሥራቸውን «ማብራራት» ይሉታል። እያዳመጡኝ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ካየሁ ዛሬም ቃሌን ሊያጣምሙ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አልሳሳትም።

የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ልጅ የተመረቀች ቀን ጉንፋን ጣለኝና ቀረሁ። «አሞት ነው፣ እንኳን ደስ አለዎት ብሏል በሉልኝ» ብዬ ጋሽ ተፈራን ላክሁ። ይሄ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? እሳቸው ግን ድግሱ መሃል ቆመው፣ «አሞኛል ይላል። ማለት የፈለገው፣ ዛሬ ያልተመረቀ ማን አለ ነው» አሏቸው።

እትዬ አስካለ ሰላምታ ነሱኝ። ነገሩ ከረረና የሰፈር ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን እትዬ አስካለ ቤት ሰበሰቡን። ገብቼ ቀና ብል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሃል የተቀመጡት ማን ይመስልዎታል? ጋሽ ተፈራ።

«እኔ እኮ እንኳን ደስ አለዎት ነው ያልኩት» አልኩ።

ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አስካለ፣ ይቅር በዪው። ማለት የፈለገው፣ አጥፍቻለሁ ነው።»

ሽማግሌዎቹ «ተመስገን» አሉ። ተነስቼ የእትዬ አስካለን ጉልበት ሳምኩ፤ ታረቅን።

ስንወጣ ጋሽ ተፈራ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉና፣ «እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር?» አሉኝ።