የካርድ ክፍሉ ሰዓት ያዥ

እስቲ ጢሙን የሚላጭ ሰው አጠገብ ቆማችሁ እጁ ላይ አፍጥጡበት። ጉንጩን ካልቆረጠ ውሸታም በሉኝ። ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ሠራተኛም ታውቁታላችሁ፤ እንቅልፉ ደህና ነው። ታዲያ ሰው እየታየ ይሥራ ወይስ ሳይታይ? እኔ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ አለሁ።

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ የአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሕመምተኛ ካርዱ ከመደርደሪያ ካልወጣ ሐኪም ፊት አይቀርብም። «ካርድ ይዘገያል» የሚለው አቤቱታ ሲበዛ፣ መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ የሚያጣራ ጓድ በቀለ የሚባል ሰዓት ያዥ ተመደበልን። ክፉ ሰው አልነበረም። ካርድ ፍለጋ ስነሳ «ጀመርኩ» እላለሁ፣ ሰዓቱን አይቶ ይጽፋል፤ ሳገኝ «አገኘሁ» እላለሁ፣ ይጽፋል፤ ከዚያ ሁለታችንም እንፈርማለን። ሰልፉ ከበሩ አልፎ አጥሩን ዞረ። ጠዋት ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ገዝተው ብቅ ያሉ አንድ አዛውንት ተራቸው ሳይደርስ ዓሣው ሸተተና ሰልፈኛው በሙሉ አኮረፋቸው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏችኋል ይኸው ነው።

«ሁሉንም ካርድ ነው የምንለካው ወይስ አንዳንዱን?» ብዬ አለቃችንን ጠየቅኳቸው።

«መመሪያው ስለ መጠኑ ዝም ብሏል። ዝም ካለ ሁሉንም ማለት ነው፤ ሌላ መመሪያ እስኪመጣ ይቀጥላል» አሉኝ።

ዝምታ ይህን ያህል ተናጋሪ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት ትኩሳት ያነደደው ልጇን ታቅፋ ከከተማው ወጣ ካለችው ቱላ መጣች። ልጁ ማልቀስ እንኳ ትቷል።

«ወንድሜ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው፤ ቶሎ በልልኝ» አለችኝ።

«ጓድ በቀለ፣ የዚህን ልጅ ካርድ እንኳ ሳንለካ እናውጣው» አልኩት።

«ካልለካነው መፍጠኑን በምን እናውቃለን?» አለኝ። እውነቱን እኮ ነው።

ግን በቀለ ልጁን አየው። ብዕሩን አስቀመጠና አንዱን መደርደሪያ እሱ፣ ሌላውን እኔ ያዝን። ካርዱ ወዲያው ወጣ። ልጁ መርፌ ተወግቶ ሲጮህ ስንሰማ የወለድነው ያህል ደስ አለን።

በማግስቱ አለቃችን የበቀለን ወረቀት ተመለከቱና «ትናንት እዚህ ጋ ባዶ ነው። ምን ስትሠሩ ነበር?» አሉን።

«ሥራ» አልናቸው። አላመኑንም።

ከሰዓት በኋላ ጓድ በቀለን የሚቆጣጠር ሌላ ጓድ መጣ። ትርፍ ወንበር ስላልነበረ የተሰጠው የእኔ ነው።