ጋሽ ሜትር ነጯን መኪና የለኩበት ቅዳሜ

የማያቀዘቅዘው ማቀዝቀዣ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ የሙሽራ ሱሪ ያቃጠለው ካውያ ከዙፋኑ በወረደ በሦስተኛው ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ንጉሠ መርፌ ወፈትል፣ መስፍነ ገበር፣ ኮሌታን አቅኚ፣ የተቀደደን ሰብሳቢ፣ በሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትር የሚባሉት ልብስ ሰፊ፣ መኪና ሊገዙ ከሄዱበት ግቢ ውስጥ፣ በመኪናይቱ የፊት ወንበር ላይ ተንበርክከው፣ ያልመጡበትን ሥራ እንደታዘዙ ሆነው የወንበር ልብስ ይለኩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሜትር ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው፣ ሰላይ መላክ ሲገባቸው ራሳቸው ሰላይ ሆነው፣ የመኪናይቱን ጠባይ አድብተው ሊያዩ ወደ ግቢው በገቡ ጊዜ፣ ሜትራቸው እንደ ወትሮው ባንገታቸው ላይ ነበረና፣ የመኪናይቱ ባለቤት፣ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡት እትዬ መምህርት፣ ከሩቅ አይተዋቸው ያስጠሩት ልብስ ሰፊ የመጣ መሰላቸው። መስሏቸውም በረንዳው ላይ እንደቆሙ፣ ለስድሳ ተማሪ በሚበቃ ድምፅ አዋጅ አስነገሩ፦

«ዘገየህ! ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገዢ ይመጣብኛል። ቶሎ በልና የሹፌሩን ወንበር ለካልኝ። ስፖንጁ ወጥቶ ቢያይብኝ የማፍረው እኔ ነኝ!»

ጋሽ ሜትርም አፋቸውን ከፍተው «ገዢው እኔ ነኝ» ሊሉ ነበር። ዳሩ ግን ከማሽን ጋር በኖሩበት ዘመን ሁሉ «ለካልኝ» ተብለው እጃቸውን የሰበሰቡበት ቀን የለምና፣ አፋቸው ሳይናገር እጃቸው ቀደመ። ወርዱን ለኩ፣ ቁመቱን ለኩ፣ የራስ መደገፊያውን ዙሪያ ለኩ፣ ከጆሮአቸው ጀርባ ያለችውን እርሳስ አውጥተው ቁጥሩን በመዳፋቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው ጠላት ሰፈር ውስጥ ተቀጥረው እንደዋሉ የገባቸው።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን እንደሆነ መነገር አለበት። የጋሽ ሜትር ባለቤት፣ እቴጌ መርፌ፣ በክንድ ላይ የሚጠፋባት ደም ሥር የሌለ፣ ሕፃን ሳያለቅስ የምትወጋ፣ ሰፈሩ በአንድ ቃል ሲስተር የሚላት ነርስ፣ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከከተማው ጫፍ፣ ከዳገቱ ማዶ ተዛውሮባት ነበር። ሁለት አውቶቡስ ትቀይራለች፤ በሁለቱም ቆማ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ባሏን ዝም ብላ ታያለች። ጋሽ ሜትርም ከብዙ ነገር ይተርፋሉ፣ ከዚያች ዝምታ ግን አይተርፉም።

ስለዚህ መኪና ይገዛ ተባለ፤ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ርካሽ፣ የምትሄድ። ነገር ግን ጋሽ ሜትር እስከዚያ ቀን ድረስ ለቤታቸው የገዟቸው ታላላቅ ዕቃዎች ታሪክ ያማረ አልነበረም። መጀመሪያ ማቀዝቀዣው መጣ፤ ሱቁ ውስጥ እንደ ንብ እያዜመ ደስ አሰኘ፣ ቤት ሲገባ ዜማውን አላቋረጠም፣ ቅዝቃዜ ግን አላመጣም፤ ዛሬ የገበር ጨርቅ ይቀመጥበታል። ቀጥሎ ካውያው መጣ፤ የእርሱን ነገር ሙሽራው ይናገር። ስለዚህ ሲስተር በዋዜማው ወጥ ቤት ውስጥ ማማሰያዋን አንስታ ይህን አዋጅ አወጀች፦

«ይቺም እንደ ማቀዝቀዣው ከሆነች፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሽንኩርት እንኳ የሚገዛው ወንድሜ ነው!»

ጋሽ ሜትርም ይህን ሰምተው እራታቸውን አልጨረሱም።

ወደ ግቢው እንመለስ። ሰዓቱ ደረሰና በሩ ተንኳኳ፤ የጋሽ ሜትር ሠራዊት ገባ። በፊት ሲስተር ገባች፣ ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ይዛ። በቀኟ ወንድሟ ገባ፣ ሊቀ ካንዴላ፣ መኪና በጆሮው እንጂ በዓይኑ የማያምን፣ ጆሮ የሚባለው መካኒክ። በግራዋ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠራው፣ የጋሽ ሜትር ሱቅ ጎረቤት የሆነው ፀጉር አስተካካይ ገባ፤ ደንበኛ የሌለበት ጠዋት ሆኖበት ነው እንጂ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር በመስኮት ያየውን ብቻ ነበር። ሲስተርም ባሏን በወንበሩ ላይ ተንበርክከው ባየቻቸው ጊዜ፣ ስለ ምን እንዲህ እንደሆኑ አልጠየቀችም፤ ብዙ አይታለችና።

እትዬ መምህርት ነገሩን በተረዱ ጊዜ አፈሩ፤ ግን አስተማሪ ናቸውና እፍረቱን ለሌላ ሰጡ፦ «ታዲያ ገዢ ከሆኑ አስቀድመው አይናገሩም እንዴ?» ብለው አወጁ። ጋሽ ሜትርም በሰላማዊ ድምፅ፣ የወንበሩ ልብስ ሁለት ሜትር ተኩል ጨርቅ እንደሚፈጅ መለሱ።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ተጀመረ፤ እያንዳንዱም በሙያው መረመራት። ጆሮ ኮፈኑን አስከፈተ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ፣ ዓይኑንም ጨፈነ፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ጤነኛ ናት! እንዲህ ያለ ሞተር ዛሬ አይሠራም!» ብሎ አወጀ። ሲስተር ከቦርሳዋ የቁስል መጠቅለያ ነጭ ጎዝ አወጣች፣ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስባ በጎዙ ጠረገች፣ በብርሃን አየችው፣ አሸተተችው፤ የታማሚ ሽንት ያየች ያህል ፊቷ አልተለወጠም። ፀጉር አስተካካዩም ሥራ ፈትቶ ከሚቆም ብሎ፣ የተላጨ ጉንጭ እንደሚዳብስ መዳፉን በቀለሟ ላይ አሳለፈ፣ በግራ በኩል በፊተኛው ጎማ ላይ ሲደርስ መዳፉን አቆመና «እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ተላጭታለች!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቁበት፤ ጆሮ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሳቀ፤ ይህ ሳቅ ይታሰብለት፣ በኋላ ይፈለጋልና።

እትዬ መምህርት በዚያን ጊዜ ወደ ቤት ገብተው አንድ ደብተር ይዘው ወጡ። በደብተሩ ውስጥ የአሥራ አንድ ዓመት የመኪናይቱ ታሪክ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ጎማ የተነፋበት ቀን፣ በየመንፈቅ ዓመቱም ውጤት አለ። ፍሬን፦ ከአሥር ስምንት። መብራት፦ ከአሥር ዘጠኝ። ጠዋት መነሣት፦ ከአሥር አሥር። ጠባይ፦ መልካም፣ በብርድ ቀን ግን ታጉረመርማለች። ሲስተር ደብተሩን ተቀብላ፣ ማረፊያዋን የመኪናይቱ ጫፍ አድርጋ፣ ገጽ በገጽ አነበበች። አንዲት ገጽ ላይ ቆየች። ቀና ብላም የግቢውን በር የግራ ምሰሶ አየች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጠች።

ወእምዝ ሙከራው ሆነ። ጋሽ ሜትር መንዳት አያውቁምና ሲስተር መሪውን ያዘች፤ እትዬ መምህርት ከጎኗ፣ ሦስቱ ወንዶች ከኋላ፣ ጋሽ ሜትር በመካከል፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ። ሲስተር በሰፈሩ ዳገት ላይ ወጣች፣ ሆን ብላ መካከሉ ላይ አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ እንደገና አስነሣች። ጋሽ ሜትር የሌለ ፍሬን በእግራቸው እየረገጡ፣ የሌለ መሪ በዓይናቸው እያዞሩ፣ በላባቸው ታጠቡ። ነጯ መኪና ግን አምስት ሰው ተሸክማ፣ ከፍ ዝቅ ሳትል፣ ዳገቱን ወጣች። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ «ስሙ፣ ስሙ፣ ስሙ!» ይል ነበር፤ የሚሰማ ነገር እንደሌለ ሁሉም ሰማ።

በዚያች ሰዓት በጋሽ ሜትር ልብ ውስጥ ታላቅ ፍርሃት ገባ። እንከን አልተገኘባትም! ማቀዝቀዣውም ሱቅ ውስጥ ሳለ እንከን አልተገኘበትም፤ ሻጩ እንኳ በእርሱ ላይ ተደግፎ ነበር ያመሰገነው። ዛሬ «እንግዛ» ብለው ነገ ብትቆም፣ ሲስተር በዳገቱ መካከል ትቀራለች፣ ሽንኩርቱም ወደ ጆሮ ይሄዳል። «ተዪው» ቢሉ ደግሞ ሳፋው ይመለሳል፤ ያች ዝምታም ትመለሳለች። ገዝቶ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይቀልለዋል፤ ጋሽ ሜትር ግን ገዝተው ያውቃሉ።

ስለዚህ ወደ ግቢው ሲመለሱ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ፣ ንጉሠ መርፌ ብቻቸውን ከመኪናይቱ ጋር ቀሩና፣ ከአንገታቸው ሜትራቸውን አወረዱ። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር፤ ኮታቸውን ግን አላወለቁም። ኮታቸውን የማያወልቁበት ምክንያት አለ። ብዙ ዘመን በማሽኑ ላይ ከማጎንበሳቸው የተነሣ የግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ ስለዚህ በገዛ እጃቸው በሚሰፉት ኮት ሁሉ በግራው ትከሻ ሥር ጥጥ ይደርባሉ። ይህንን ምስጢር ከሲስተር በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ያምናሉ፤ እኛ ጎረቤቶቻቸውም እንደማናውቅ ሆነን እንኖራለን።

በኮታቸው እንዳሉ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ከቀኝ ፊተኛ ጎማ እምብርት እስከ ቀኝ ኋለኛ ጎማ እምብርት ለኩ፣ መዳፋቸው ላይ ጻፉ። ወደ ግራ ዞረው ለኩ፣ ጻፉ፣ መዳፋቸውን አዩ። እንደገና ለኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲለኩ በሆዳቸው ተኝተው፣ አካላቸው ሁሉ ከመኪናይቱ ሥር ገብቶ፣ ሁለት ጫማቸው ብቻ ይታይ ነበርና፣ ፀጉር አስተካካዩ «ጋሼን ገጨቻቸው እንዴ?» ብሎ ተነሣ። ጋሽ ሜትርም ከሥሯ ወጡ። ኮታቸው ዘይት፣ አገጫቸው አቧራ፣ ፊታቸው ግን የድል አድራጊ ፊት ነበር። ቆመውም ሜትሩን እንደ ሰንደቅ ከፍ አድርገው፣ ከሰፈሩ ማዶ እስኪሰማ ድረስ አወጁ፦

«ስሙ! ያልሰማችሁ ስሙ! ይቺ መኪና ግራዋ ከቀኟ በአንድ ጣት ተኩል ያጥራል! ተገጭታ የተቃናች ናት! ጠማማ ናት! እኔ ባለ ሜትሩ፣ ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ አይተናታል፣ አንገዛትም!»

ጆሮ ከበረንዳው ወርዶ፣ የግራውን ፊተኛ ጎማ በጣቱ ዳበሰ፤ ጎማው በውስጥ በኩል ተልጦ አልቋል። ሳቁ የት እንደገባ አልታወቀም። «ሞተሩን ነው እንጂ ጎማውን አልሰማሁም» ብሎ በትንሽ ድምፅ አወጀ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ መዳፉን ከፍ አድርጎ ለግቢው ሁሉ አሳየ።

እትዬ መምህርት ግን አልደነገጡም። «ስምንት ዓመት ሆነው» አሉ፤ «ወደ ኋላ ማሽከርከር ስማር በፊት ግራዋ ያንን ምሰሶ ገጨሁ። ደብተሩ ላይ አለ። በዚያ ዓመት ጠባይ ብዬ ከአሥር አራት ሰጥቻታለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። የአራት ጎማና የማስተካከያውን ከዋጋው ላይ አነሣለሁ፤ የወንበሩን ልብስ ደግሞ እርስዎ ለክተውታል።»

ከሜትር ጌቶች ሁሉ ማን ይመስላቸዋል! መካኒክ በጆሮው ያላገኘውን በክር ሥራ ዓይን ያገኙ፣ በሆዳቸው ተኝተው እውነትን ያወጡ፣ ከሥርም የወጡ! ከማቀዝቀዣው ዘመን እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ የዕቃን እንከን ሳይከፍሉ ያወቁበት ቀን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሽንኩርቱም፣ ድንቹም፣ የቤቱ ግዢ ሁሉ ለእርሳቸውና ለመቀሳቸው ይጽና፤ ስማቸው በገበር ላይ በወርቅ ክር ይጠለፍ፤ ሜትራቸው አይጠር፣ አይሳሳ፤ አንድ ጣት ተኩልም በስማቸው ትጠራ!

እንዲህ እየተመሰገኑ ሳሉ፣ ሲስተር ተነሥታ በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሙሉ ለሙሉ ስምጥ ብላ ገባች፣ እግሯንም ዘረጋች። ቁልፉን አስገባች፤ መኪናይቱ በመጀመሪያው ዙር ተነሣች። በመስኮቱ በኩል ባሏን ከጫማቸው እስከ አናታቸው አየቻቸው፣ ዓይኗንም በኮታቸው የግራ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«የአንተም ግራ ትከሻ በአንድ ጣት ተኩል ዝቅ ይላል» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት፣ እኔ ምን አልኩ?»